የናቼዝ ቶርኔዶ፦ የ1840 የወንዝ ዳር እልቂትና በቆጠራው ያልገቡት ሙታን

ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር ተነሥቶ እስከ መሬት የሚወርድና እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር የነፋስ ዐምድ ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «አውሎ ነፋስ» በሚለው ሰፊ ስያሜ ይጠራል፤ ይኸው ስያሜ ግን ከሞቃት ውቅያኖስ ላይ ተነሥተው ለቀናት የሚዘልቁትንና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሸፍኑትን ማዕበሎች ጭምር ስለሚያጠቃልል፣ ጠባብ መንገድ ይዞ የሚሄደውንና ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች የሚለካውን ይህን ነፋስ ለይቶ ለማመልከት «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል ይመረጣል። በዩናይትድ ስቴትስ ከተመዘገቡት ቶርኔዶዎች ሁሉ ብዙ ሰው የፈጀው በ1925 ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አቋርጦ 695 ሰዎችን የገደለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን 1832 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 7 ቀን 1840፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘውን ናቼዝን የመታው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የናቼዝ ሟቾች ቁጥር 317 ተብሎ በየመዝገቡ ሰፍሯል፤ ይህ ቁጥር ከምን እንደተገኘ፣ እነማንን እንደያዘና እነማንን እንደተወ ሲመረመር ግን ከነፋሱ ታሪክ ይልቅ የጥጥ ንግድንና የባርነትን ታሪክ ይናገራል።

ናቼዝ የተቆረቆረችው ከወንዙ በላይ 60 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ገደሉ የተሠራው ሎዔስ ከሚባለው ደቃቅ አፈር ሲሆን፣ ይህም አፈር በበረዶ ዘመን ማብቂያ ከወንዙ ሸለቆ ነፋስ እያነሣ በምሥራቃዊው ዳርቻ የከመረው ብናኝ ነው። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት በዚሁ አፋፍ ላይ ይኖር ከነበረው የናቼዝ ሕዝብ ነው፤ ፈረንሳዮች በ1716 ሮዛሊ የተባለውን ምሽግ ከሠሩ በኋላ መሬቱን እየገፉ ስለመጡበት ሕዝቡ በ1729 ተነሥቶ ምሽጉን ደመሰሰ፤ ፈረንሳዮችም በአጸፋው ወግተው በተኑት፤ ከተማረኩትም መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩትን በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው የሳን ዶሚንግ ቅኝ ግዛት ወስደው ለባርነት ሸጧቸው። ቦታው ከዚያ በኋላ በእንግሊዞችና በስፔናውያን እጅ አልፎ በ1798 የዩናይትድ ስቴትስ ሆነ።

ከተማዋን ያበለጸጋት ጥጥ ነው። በ1793 የተፈለሰፈው የጥጥ መዳመጫ ማሽን ፍሬውን ከጥጡ የመለየቱን አድካሚ ሥራ በእጅጉ ስላፋጠነው፣ በሚሲሲፒና በሉዊዚያና ያለው ለም የወንዝ ዳር መሬት በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተሸፈነ፤ እርሻዎቹም የሚሠሩት በባርነት በተያዙ አፍሪካዊ አሜሪካውያን ጉልበት ነበር። ከ1790 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከመሳሰሉት የቆዩ ግዛቶች ወደ ደቡቡ የጥጥ አገር በግዳጅ ተወስደዋል፤ ብዙዎቹም በሰንሰለት ተቆላልፈው ይህን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተጉዘዋል። ከጉዟቸው መድረሻዎች አንዱ ከናቼዝ ወጣ ብሎ የሚገኘውና «የመንገዱ መገንጠያ» የሚል ስም የነበረው ገበያ ሲሆን፣ በጥጥ አገሩ ከኒው ኦርሊንስ ቀጥሎ ትልቁ የባሪያ ገበያ እርሱ ነበር። ገበያው ከከተማው ክልል ውጭ የሆነበት ምክንያት ራሱ ሊታለፍ አይገባውም። በ1833 አንድ ነጋዴ በኮሌራ የሞቱበትን ባሪያዎች በስውር አውጥቶ መጣሉ ሲታወቅ የከተማው ነዋሪ በሽታውን ፈርቶ ተቆጣ፤ አስተዳደሩም ነጋዴዎቹን ከከተማ አስወጣ። የተከለከለው ንግዱ ሳይሆን ቅርበቱ ነበር። በዚያ አገር ሰው ሞቶ በማንም መዝገብ ሳይሰፍር የሚቀርበት ልማድ ከቶርኔዶው ሰባት ዓመት ቀድሞ እንደነበረ ይህ ድርጊት በግልጽ ያሳያል።

በጥጡ ሀብት ሁለት ናቼዞች ተፈጠሩ። አንደኛዋ በአፋፉ ላይ የነበረችው የባለ እርሻዎች፣ የባንኮች፣ የአብያተ ክርስቲያናትና ባለ ዐምድ መኖሪያ ቤቶች የተደረደሩባት ከተማ ናት፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ከገደሉ ግርጌ፣ በወንዙና በአፋፉ መካከል ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ የሰፈረችውና «ከኮረብታው ሥር» እየተባለች የምትጠራው ወደብ ናት። ይህች ታችኛዋ ከተማ መጋዘኖችን፣ የጥጥ መጭመቂያዎችን፣ ርካሽ ማደሪያዎችን፣ መጠጥ ቤቶችንና የቁማር ቤቶችን አጣብቃ የያዘች ስትሆን፣ ስሟ በወንዙ ተጓዦች ዘንድ በመጥፎ ይነሣ ነበር። ይሁን እንጂ የላይኛዋ ከተማ ጥጥ ሁሉ የሚወጣው፣ ዱቄቷና ሥጋዋ ሁሉ የሚገባው በዚህችው ወደብ በኩል ነበር።

በወደቡ ከሚቆሙት ጀልባዎች አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ነበሩ። ጠፍጣፋ ጀልባ ከጥርብ እንጨትና ከሳንቃ የሚገጣጠም፣ ሆዱ ዝርግ፣ ቅርጹ ሣጥን የሚመስል፣ ሞተርም ሸራም የሌለው መጓጓዣ ሲሆን፣ የኦሃዮ፣ የኢንዲያናና የኬንታኪ ገበሬዎች በቆሎአቸውን፣ ዱቄታቸውን፣ የጨው ሥጋቸውንና አረቄያቸውን ጭነው ወንዙ በሞላበት ወራት በውኃው ፍሰት ብቻ ወደ ደቡብ ይወርዱበት ነበር። ፍሰቱን ተቃውሞ መመለስ ስለማይችልም ጭነቱ ከተሸጠ በኋላ ጀልባው ራሱ ይፈታና እንጨቱ ይሸጣል፤ ሰዎቹም የእንፋሎት መርከብ ሳይስፋፋ በፊት «የናቼዝ ዱካ» በተባለው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የጫካ መንገድ እስከ ናሽቪል በእግር ይመለሱ ነበር። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከን እንኳ በወጣትነቱ፣ በ1828 እና በ1831፣ በእንዲህ ያለ ጀልባ እስከ ኒው ኦርሊንስ ወርዷል። ከ1811 ጀምሮ የእንፋሎት መርከቦች ወደ ወንዙ ቢገቡም ጠፍጣፋው ጀልባ ርካሽ ስለሆነ አልጠፋም። የጀልባው ሠራተኞች ጀልባው ላይ ያበስላሉ፣ ጀልባው ላይ ይተኛሉ፣ ገዢ እስኪያገኙም ድረስ ጀልባዎቻቸውን ጎን ለጎን አስረው ለቀናት ይቆያሉ። በዚያ ሳምንት በናቼዝ ዳርቻ የታሰሩት 120 ያህል ነበሩ።

የሚሲሲፒ የታችኛው ሸለቆ ለቶርኔዶ የተመቸ የሆነው በአቀማመጡ ምክንያት ነው። በጸደይ ወራት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣ ሞቃትና እርጥበት ያዘለ አየር በምድር ላይ ተንጣሎ ወደ ሰሜን ሲገባ፣ ከበላዩ ከምዕራብ የሚመጣ ደረቅ አየር ይጫነዋል፤ ሞቃቱ አየር ይህን ክዳን ጥሶ በኃይል ወደ ላይ ሲፈናጠር ግዙፍ የነጎድጓድ ደመና ይፈጠራል። በዚህ ላይ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ከምድር ወደ ላይ ከፍ በተባለ ቁጥር እየተለዋወጠ ከሄደ ወደ ላይ የሚወጣው አየር መሽከርከር ይጀምራል፤ ሽክርክሪቱም ሲጠብና ሲፈጥን፣ አንዳንድ ጊዜ ምድርን ይነካል። በደቡቡ ግዛቶች ደግሞ ዐምዱ ብዙውን ጊዜ በከባድ ዝናብ ስለሚሸፈንና ዛፍና ኮረብታ ስለሚጋርደው፣ በሜዳማው የመካከለኛው ምዕራብ አገር እንደሚሆነው ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ የናቼዝ ሰዎች ሲመጣ አለማየታቸው ከቸልተኝነት የመጣ አልነበረም።

በዚያ ሐሙስ ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ ከደቡብ ምዕራብ በኩል ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ ይሰማ ነበር። ቶርኔዶው ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከተነሣ በኋላ የወንዙን መስመር ተከትሎ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ደን እየመነጠረ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገሠገሠ። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የሆቴሎቹ የምሳ ደወል ተደውሎ ሰዉ ገበታ ቀርቦ ሳለ ሰማዩ በድንገት ጠቆረ፤ በቀትር ሻማ ማብራት አስፈለገ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዝናቡ በጎርፍ መልክ ወረደ፤ አየሩም በግድግዳ ስብርባሪ፣ በጣሪያ፣ በጭስ ማውጫ ጡብና በግንድ ተሞላ። በላይኛዋ ከተማ ያልተጎዳ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ታችኛዋ ከተማ ግን በአብዛኛው ፈረሰች፤ ከወንዙ ማዶ በሉዊዚያና በኩል በምትገኘው ቪዳሊያ የአውራጃው ፍርድ ቤት ሳይቀር ወደመ።

ከሁሉ የከፋው በውኃው ላይ የሆነው ነው። ከ120ዎቹ ጠፍጣፋ ጀልባዎች 116ቱ ሰጠሙ ወይም ተሰባበሩ፤ ጎን ለጎን ተሳስረው የነበሩት ጀልባዎች አንዱ ሌላውን እየደቆሰ፣ ማሰሪያቸው የተበጠሰውም ወደ ወንዙ መሐል እየተገፉ በማዕበል ተውጠዋል። በወደቡ የነበሩት ሂንድስ፣ ፕሬይሪና ሴንት ሎውረንስ የተባሉት የእንፋሎት መርከቦችም አላመለጡም፤ ከሴንት ልዊስ እርሳስ ጭኖ የመጣው የፕሬይሪ የላይኛው አካል ተጠርጎ ተወሰደ፤ ሂንድስ ተገልብጦ ከነሰዎቹ በወንዙ ከተወሰደ በኋላ ስብርባሪው ከብዙ ቀናት በኋላ ወደ ታች ርቃ በምትገኘው በባተን ሩዥ ተገኘ። የእነዚህ መርከቦች የመንገደኞች ስም ዝርዝር አብሮ ስለጠፋ፣ ማን ተሳፍሮ እንደነበረ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ አብረው የሰጠሙት ብቻ ነበሩ።

ቆጠራው ሲጠናቀቅ 317 ሰዎች ሞተዋል ተባለ፤ ከእነዚህ ውስጥ 269ኙ በወንዙ ላይ፣ 48ቱ በየብስ ላይ የሞቱ ናቸው። የቆሰሉት 109 ብቻ ነበሩ። የንብረቱ ጉዳት በወቅቱ ገንዘብ 1,260,000 ዶላር ተገመተ። በዚህ ቁጥር ውስጥ ተመራማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያስገርም ነገር አለ፤ በትልልቅ ቶርኔዶዎች ከሚሞተው የሚቆስለው በብዙ እጥፍ መብለጡ የተለመደ ሲሆን፣ በናቼዝ ግን ሙታኑ ከቁስለኞቹ ወደ ሦስት እጥፍ ቀረቡ። ምክንያቱ ውኃው ነው። በየብስ ላይ ክንዱ የተሰበረ ሰው ከፍርስራሹ ተጎትቶ ይወጣል፤ በግንቦት መባቻ በሞላና በሚናወጥ ወንዝ ላይ ክንዱ የተሰበረ ሰው ግን ከሙታን ጎራ ይሆናል። ነፋሱ በቀጥታ ከገደለው ይልቅ ወንዙ የጨረሰው እንደሚበዛ መገመት ይቻላል፤ እነዚያን ሰዎች በውኃው ላይ ያስቀመጣቸው ደግሞ የንግዱ ሥርዓት ነው። ማደሪያ ቤት ለመከራየት የሚበቃ ገንዘብ የሌለው የጀልባ ሠራተኛ ከሳንቃ በቀር መጠለያ አልነበረውም።

የ48ቱ ነገር ከዚህም የከበደ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች በቶርኔዶው መንገድ ላይ ነበሩ፤ በእነርሱም ላይ በባርነት የተያዙት ሰዎች የሚኖሩት በግንድ ወይም በሳንቃ በተሠሩ፣ መሠረት በሌላቸው ጎጆዎች ውስጥ ነበር። ከአደጋው በኋላ በከተማው ጋዜጣ ላይ የወጣ ዘገባ 20 ማይል ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ከሚርቁ የሉዊዚያና እርሻዎች ወሬ እንደደረሰ፣ በዚያም ጎጆዎች ከሥራቸው ተጠርገው በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎች መሞታቸውን ይገልጻል። ይህ ወሬ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከፊሉ እንኳ እውነት ከሆነ፣ በየብስ ላይ የሞቱት 48 ብቻ ናቸው የሚለው ቁጥር ሊቆም አይችልም። ጋዜጣው ያንኑ ወሬ የጻፈው ከወደቀው ደንና ከተበላሸው ሰብል ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ነው፤ የእያንዳንዱን እርሻ ሙታን ሄዶ የቆጠረ ግን አልተገኘም፤ መቁጠርም የማንም ሥራ ተደርጎ አልታየም።

በአጋጣሚ 1840 የሕዝብ ቆጠራ ዓመት ነበር። የቆጠራው ቀን የተወሰነው በጁን 1 ሲሆን፣ ይህም ከቶርኔዶው አራት ሳምንት ሳይሞላ ማለት ነው። በዚያ ቆጠራ መሠረት በሚሲሲፒ ግዛት ከሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በባርነት የተያዘ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቅጹ በስም የሚመዘግበው የቤቱን አባወራ ብቻ ስለነበረ፣ ባሪያዎቹ በባለቤታቸው ስም ሥር በዕድሜና በጾታ ተከፍለው በአኃዝ ብቻ ይገቡ ነበር። በቶርኔዶው የሞተ አንድ ባሪያ በዚህ ቆጠራ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ከአንድ አኃዝ ላይ አንድ መቀነስ ብቻ ነው፤ ያውም በየትኛውም ሌላ መዝገብ ስሙ ካልተጻፈ ልብ የሚለው የለም። የባለ እርሻዎቹ የግል መዛግብት ግን የባሪያዎቻቸውን ስም፣ ዕድሜና ዋጋ በጥንቃቄ ይይዙ ነበር፤ ለሒሳብ የሚበቃ ዝርዝር ለሐዘን መግለጫ ሳይበቃ ቀረ። በዚያው ዘመን በናቼዝ ይኖር የነበረው ነጻ ጥቁር ፀጉር አስተካካይ ዊልያም ጆንሰን ከ1835 እስከ 1851 ድረስ የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ጽሑፉም ዛሬ ስለ ከተማዋ ዕለታዊ ኑሮ ከሚታወቁት ምንጮች እጅግ ከተከበሩት አንዱ ነው። ጆንሰን በባርነት ተወልዶ በልጅነቱ ነጻ የወጣ፣ ኋላም ራሱ ባሪያዎችን የያዘ ሰው ስለነበረ የዘመኑን ውስብስብነት ሁሉ በአንድ ሕይወት ይዟል። ማንበብና መጻፍ ለመማር መሰብሰብ በሕግ ከተከለከለባቸው ከእርሻዎቹ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሊጠበቅ አይችልም ነበር።

የናቼዝ አደጋ የደረሰው የነፋስ ሳይንስ ገና በክርክር ላይ ባለበት ጊዜ ነው። ዊልያም ሬድፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ማዕበል ማለት በመሐሉ ዙሪያ የሚሽከረከር ነፋስ ነው ሲል፣ ጄምስ ኤስፒ ደግሞ ነፋሱ ከየአቅጣጫው ወደ መሐል ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል ይል ነበር፤ የወደቁ ዛፎችን አቅጣጫ በኮምፓስ እየለኩ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ይፈልጉ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው በቶርኔዶ ውስጥ ሁለቱም እንቅስቃሴዎች አሉ። በናቼዝ ወደ ውጭ የወደቁ ግድግዳዎች መታየታቸው ደግሞ ቶርኔዶ የአየሩን ግፊት በድንገት ስለሚቀንሰው ቤቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈነዳሉ የሚለውን አስተሳሰብ አጠናከረ። ይህ አስተሳሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ፣ ቶርኔዶ ሲመጣ መስኮት ክፈቱ የሚል ምክር እስከ መስጠት አደረሰ። ኋላ መሐንዲሶች ፍርስራሾችን ሲመረምሩ ጣሪያውን የሚያነሣው በላዩ የሚያልፈውና ሰብሮ የሚገባው ነፋስ መሆኑን፣ ጣሪያ ያጣ ግድግዳም በራሱ እንደሚወድቅ አሳዩ፤ መስኮት የሚከፍት ሰው ለመሸሸግ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያገኘው ጥቅም እንደሌለም ተረጋገጠ። ወንዝ ቶርኔዶን ያግዳል የሚለው በብዙ የአሜሪካ የወንዝ ከተሞች የሚነገር እምነት ደግሞ ወንዙን ራሱን መንገድ አድርጎ በመጣው የናቼዝ ቶርኔዶ ፊት ምንም መሠረት የለውም።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተ በ1840 ሊደረግ የሚችል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው የቴሌግራፍ መሥመር እንኳ የተከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ በ1880ዎቹ ጆን ፊንሊ የተባለ የሠራዊቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ባልደረባ ቶርኔዶን ለመተንበይ ሙከራ ከጀመረ በኋላ፣ ትንበያው ሕዝብ ያሸብራል በሚል ሥጋት «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል ከመንግሥት ትንበያዎች እንዲወጣ ተደረገ፤ እገዳው የተነሣውም በ1938 ነው። ለተወሰነ ቦታ የተሰጠ የመጀመሪያው የተሳካ ትንበያ በማርች 25 ቀን 1948 በኦክላሆማ በሚገኝ የአየር ኃይል ሰፈር ተሰጠ። በእነዚህ መሐል፣ በኤፕሪል 24 ቀን 1908፣ ሌላ ቶርኔዶ በዚሁ በናቼዝና በቪዳሊያ አካባቢ ገጠር አልፎ 91 ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ ባርነት በሕግ ከቀረ ከአርባ ዓመት በኋላ በነዚያው የጥጥ እርሻዎች ላይ፣ በነዚያው ዓይነት ደካማ ጎጆዎች ውስጥ የሚኖሩ የጥቁር ገበሬ ቤተሰቦች ነበሩ።

ላይኛዋ ናቼዝ ጣሪያዋን ጠግና በጥጡ ሀብት ቀጠለች፤ ከ1840 በፊትና በኋላ የተሠሩት ባለ ዐምድ ቤቶቿ ዛሬም ጎብኚ ይስባሉ። «የመንገዱ መገንጠያ» ገበያ በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ተዘጋ፤ ቦታውም አሁን በብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ክልል ውስጥ ገብቷል። ታችኛዋ ከተማ ከቶርኔዶው በኋላ እንደገና ብትሠራም ወንዙ ዳርቻውን ዓመት ከዓመት እየበላ መንገዶቿን አንድ በአንድ ወሰዳቸው፤ ዛሬ ሲልቨር ከተባለው ጎዳናና በዳሩ ካሉት ጥቂት ቤቶች በቀር ብዙ የቀራት የለም፤ በ1840 ጠፍጣፋዎቹ ጀልባዎች ታስረውበት ከነበረው ዳርቻም አብዛኛው ውኃ ሆኗል።